ከሌላ መኪና የተቆረጠ ብረት

አባቴ በሞተ በዓመቱ ታላቅ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን አሮጌ ላንድሮቨር ካላስነሳሁ አለ። መኪናዋ በዕድሜ እኛን ትበልጣለች። አባቴ ከአምቦ ሸነን፣ ከሸነን አምቦ ሰውና እህል እያመላለሰ በእሷ አሳደገን። ስለ እሷ ከተነሳ፣ «ይቺ መኪና እኔ እጅ ላይ አንድ ጭረት አላገኛትም» ይል ነበር። ወንድሜ ይህን እየሰማ ስላደገ የሚጠብቀው ዝገት ብቻ መሰለው።

ዝገቱም ብዙ ነበር። ቦዲዋ ወርዶ ተሸካሚው ብረት፣ ሻንሲው፣ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፣ መካኒኩ በመዶሻ እየመታ የተበላውን ከጤነኛው ለየ። የፊቱ ቀኝ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመና በሽቦ ብሩሽ ይፈትገው ጀመር። ከጥቁሩ ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ። ሌላው የሻንሲው ክፍል ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ወደ ኋላ ደግሞ ዙሪያውን የተበየደበት መስመር ታየ።

«ይሄ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተቀጠለ ነው» አለ።

ወንድሜ የስልኩን መብራት አብርቶ ብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አነበበ። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የተሰረቀ መኪና ነው እንዴ ስንነዳ የኖርነው?»

«አይደለም፤ የቀረው ሁሉ የራሷ ነው። ክፉኛ ተጋጭታለች። ያን ጊዜ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ከነበረ…» መካኒኩ ቀና ሲል እናቴን አየና ወደ ብሩሹ ተመለሰ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። «ዲሲ፣ ተወው ልጄ» አለች ለወንድሜ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ። «ለቁራሌው ስጡት።»

«ምንድን ነው የምታውቂው?»

የተፈታ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ነገረችን። የአባቴ ታናሽ ወንድም እኛ ሳንወለድ በወባ እንደሞተ ነበር የምናውቀው። በወባ አልሞተም። ከሸነን ሲመለሱ ጋቢና ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ነበር። መንገዱ ዘንቦበት መኪናዋ ተንሸራተተችና ከድልድይ ጋር ተላተመች።

«አባታችሁ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆመም፤ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ማንም ፊቱ እንዳያነሳበት አያታችሁ ሁላችንንም አስማለችን። እሱም ብረቱን አስቀጥሎ መንዳት ጀመረ። ምን ያድርግ? ሌላ ሥራ አያውቅም።»

«እኔን እኮ እዚያው ቦታ አስቀምጦ ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ!» አለ ወንድሜ።

እኔም እዚያ ተቀምጬ አውቃለሁ። መታጠፊያ ሲደርስ አባቴ ቀኝ እጁን ደረቴ ላይ ያደርግ ነበር። የሹፌር ልማድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሻንሲውን ሳይነካ ሰነበተ። ዝናብ ወረደበት። ራት ላይ ከእናቴ ጋር አይነጋገሩም፤ ጨው የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ነበር። መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ግን፣ ድንገት ተነስቶ ያን የተቀጠለ ብረት በሌላ እንተካው፣ ጌዶ እንሂድ አለኝ። እዚያ ከአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ጀርባ የተፈታ ላንድሮቨር አለ ተብሎ ነበር። ወንድሜ የቀኙን ጫፍ ስፋትና ጎማውን የሚይዘው ባሌስትራ የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች ለካ፤ ከእኛ ጋር ልክ ነው። ተቆርጦ ተሰጠን።

አምቦ ተመልሰን በያጁ ግቢያችን ውስጥ አሮጌውን ብረት ሲቆርጥ እናቴ ጎረቤት ሄዳ ዋለች።

የጌዶው ብረት ቁጥርም ከሊብሬው ስለማይገጥም መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ማስረዳት ግድ ሆነ። አባቴ የየዓመቱን ምርመራ እንዴት እንዳሳለፋት አላውቅም። ሠራተኛው ሻንሲው ለምን እንደተቀየረ ጠየቀን።

«ከብዙ ዓመት በፊት ተጋጭታ ነበር» አለ ወንድሜ።

«ሰው ተጎድቷል?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። «አጎታችን ሞቷል።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ነፍስ ይማር» አለ። ቤታችን ውስጥ ለዚያ ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ወንድሜ በቀጥታ እናቴ ወዳለችበት ሄደ። «ዛሬ ተናገርኩት» አላት።

«ለማን?»

«ለቢሮው ሰውዬ።»

መቀነቷን አጠበቀች። «ተቆጣ?»

«አልተቆጣም፤ ነፍስ ይማር አለ።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች። ወንድሜ አጠገቧ ቆመ እንጂ አላባበላትም። ገና እንዳኮረፋት ነበር፤ ቢሆንም ጥሏት አልሄደም።