በድያለሁ ያሉት አዛውንት

ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ከገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያነሱኝ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ መንግሥት የተናገርኩት ደርሷቸው ኖሯል። ደብረ ብርሃን ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል አምስት ሰው ብትይዝ ደግ ነው፤ አሥራ ሰባት ነበርን። ሲሚንቶው እርጥብ፣ ሽታው የላብና የሽንት፣ የሰኔው ብርድ አጥንት ይሰብራል። የምቀመጥበት አጥቼ ስንቀዋለል አንድ አዛውንት ገበሬ ጠጋ አሉልኝ።

"ና ልጄ፣ ተጠጋጋ፤ ይሞቃል።"

ከአንኮበር መንገድ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ናቸው። በማሳ ድንበር ከአንድ ጎልማሳ ጎረቤታቸው ተጣልተው፣ ዱላ ሲሰነዝርባቸው ገፈተሩት፤ ድንጋይ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። እሳቸውን ያንገበገባቸው ግን እስሩ አልነበረም።

"ዝናቡ ጥሏል፤ ማሳዬ ጦሙን ሊያድር ነው። ገብሱ ካልተዘራ ቤቴ ምን ይበላል?"

"አይጨነቁ፣ የእርስዎ በተፋጠነ ችሎት ነው የሚታየው" አልኳቸው። ሥራዬ አይደል! ጠዋት የገባው ቀላል ወንጀል ከምሳ በፊት ሲዘጋ፣ ማህተሙን እየመታሁ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። "ብቻ ዳኛው ሲጠይቁዎት ራሴን ስከላከል ነው ይበሉ።"

"ሊያስታርቁን ለገቡት ሽማግሌዎች ቃል ሰጥቻለሁ። ባለጋራዬ ፊት ቆሜ በድያለሁ እላለሁ። ደሙ የፈሰሰው የሱ ነው።"

"አባቴ፣ እሱ እኮ ለሽማግሌ ነው! ችሎት ላይ እንዲያ ካሉ አለቀልዎ።"

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ግትር ሰው!

በማግስቱ አብረን ችሎት ቀረብን። ዳኛው ሲጠይቋቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወደ ዳኛው ሳይሆን ግንባሩን በፋሻ ወደ ጠቀለለው ጎረቤታቸው ዞሩና "በድያለሁ" አሉ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ሦስት ወር ተፈረደባቸው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ጸሐፊ ቀና ብሎ ሳያየኝ ማህተሙን መታ። ለእኔ ምርመራው አላለቀም ተብሎ አሥራ አራት ቀን ተጨመረ።

ስንመለስ ጮህኩባቸው። "ይኸው! ገብሱስ?"

"አንተስ መቼ ትወጣለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔ እንኳ መስከረም ላይ ቤቴ ነኝ" አሉ በሐዘኔታ እያዩኝ። አፍሬ ነው የማወራው፤ በተፈረደባቸው ሰው ቀናሁ።

ወደ ማረሚያ ቤት ሳይወስዷቸው ሳምንት አለፈ። በጠያቂ ሰዓት ተጠሩ፤ እኔንም ለጥየቃ አውጥተውኝ አጠገባቸው ነበርኩ። ከሽቦው ማዶ ባለፋሻው ጎረቤታቸው ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሟል።

"ጋሼ፣ በሰው ፊት እንዲያ ካሉኝ በኋላ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "በሬዎቼን ይዤ ገባሁ። ማሳዎ ተዘርቷል።"

አዛውንቱ ጥቅሉን ተቀብለው ፈቱ። ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን በሽቦው ቀዳዳ መለሱለት፤ እሱ እስኪጎርስ ጠብቀው እሳቸውም ጎረሱ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

በአምስተኛው ወር "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባልኩ። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። ወደ ሥራዬ አልመለሱኝም፤ አሁን ጫጫ ከተማ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የመረመረኝ ሰው አንዳንዴ መንገድ ላይ ያገኘኛል፤ እጁን ይዘረጋል፣ እጨብጠዋለሁ። የሚለኝ ነገር ካለ ብዬ ትንሽ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

"ዘንድሮ ብርዱ በረታ፣ አይደል?" ይለኛል።

አዛውንቱ ለተፈነከተ ግንባር ያላጡትን ቃል፣ እሱ ለአምስት ወር ዕድሜዬ አጣልኝ።