በዋልያ ቀንድ የተቀደደችው ዓሣ

አለምነህ የደባርቅ የበቅሎ ሐኪም ነው። የሥራ መደቡ የእንስሳት ጤና ረዳት ይባላል፤ ግን ተራራውን የሚወጣ ጎብኚ ዕቃው ሁሉ በበቅሎ ስለሚጫን፣ አለምነህም ከበግና ከላም ይልቅ ዘመኑን የጨረሰው ከበቅሎ ጋር ነው። የተወለደው ጃናሞራ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ የአጎቱ በቅሎ ሁለት የፊት ጥርሶቹን በርግጫ አወለቀችበት። ሌላ ሰው ቢሆን በቅሎ የሚባል ነገር ባላየሁ ይል ነበር። እሱ ግን ሕይወቱን በሙሉ የበቅሎ ኮቴ ሲያነሳ ኖረ። ሲስቅ ብቻ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ዓሣ ያየው አንድ ጊዜ ለሥልጠና ጎርጎራ ሄዶ ነው፤ እሱንም ተጠብሶ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ የሆቴል ባለቤቷ ወይዘሮ ሸዋነሽ ደወሉለት።

«ዶክተር፣ ታማሚ አለብኝ፤ ቶሎ ድረስልኝ።»

«ቆማለች ወይስ ተኝታለች?» አለ አለምነህ፣ ለሁሉም እንደሚለው።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ትንሽ አሰቡ። «ተንሳፍፋለች» አሉት።

አለምነህ ወንዝ የገባች በቅሎ መሰለችው። ረጅም ገመድ፣ ትልቁን የበቅሎ መርፌና ሁለት ጎበዝ በቅሎ ነጂዎች ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ወይዘሮዋ ግን ወደ ጓሮ ሳይሆን ወደ እንግዳ መቀበያው አስገቡት። ከሶፋው ጎን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ቆሟል። እንግዳው የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ነው ከጎንደር ያመጣላቸው፤ ጎብኚ ከተራራ ወርዶ ሲያርፍ የሚያየው ነገር ይኑር ብሎ። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ልዩ ልዩ ዓሦች ይዋኛሉ፤ አንዲት ረጅም ጅራት ያላት ወርቃማ፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ትናንሾች፣ አንድ ደግሞ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ፊቱ ቁጡ የሆነ። መካከላቸው፣ ከላስቲክ ከተሠራ አረም አጠገብ፣ ከብረት የተሠራ ዋልያ ቀንዱን ቀስሮ ጠጠሩ ላይ ቆሟል። አገሩ ስሜን መሆኑ እንዲታወቅ ብለው ወይዘሮዋ ራሳቸው አሠርተው ያስገቡት ነው።

«ይኸው፣ ክንፋቸው አለቀ። ጅራታቸውም እንደ አሮጌ መጋረጃ ተበጣጠሰ» አሉ።

አለምነህ የዓሣ ሕክምና አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ግን ሁለቱ በቅሎ ነጂዎች ገመዱን ይዘው ከኋላው ቆመዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ሃና ታየዋለች። ጠዋት ጠዋት እዚያ ሻይ የሚጠጣው የፓርክ ጠባቂው ገዱም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያየዋል። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠርጎ መጠየቅ ጀመረ።

«ወርቃማዋ ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ታመሰኳለች?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ወደ ሃና ዞሩ። ሃና ጎንበስ ብላ አየች። «አፏን ዝም ብላ ታንቀሳቅሳለች» አለች።

«ጥሩ» አለ አለምነህ። ምኑ ጥሩ እንደሆነ ግን አላወቀም።

ቀጥሎ ታማሚዋ ትያዝልኝ አለ። በቅሎ ስትታከም አንዱ ጆሮ፣ ሌላው አፍንጫ ይይዛል። እዚህ የሚያዝ ጆሮ ስለጠፋ ገዱ ጠመንጃውን ለሃና አስይዞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በሻይ ማጥለያ ወርቃማዋን ማሳደድ ጀመረ። ገንዳውን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ሁለተኛም ዞረችው። ገዱ እስከ ደረቱ ራሰ። በመጨረሻ ስትያዝ በቅሎ ነጂዎቹ አጨበጨቡ።

አለምነህ ከገንዳው ውሃ በተሞላ ነጭ ሳህን ላይ አድርጎ በመነጽሩ አያት። ጅራቷ ከጫፍ እስከ ሥር በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል። ሌሎቹንም ተራ በተራ አስወጣ። የአንዳንዶቹ ክንፍ ጠርዙ ላይ ተገምጦ ጎድሏል። የአንዲት ብርማ ዓሣ ክንፍ ደግሞ ጫፉ ነጥቷል፤ እንደ ሻገተ ዳቦ ሆኗል፤ ሥሩም ቀልቷል።

«ሕመሙ አንድ ዓይነት አይደለም» አለ። ያን ቀን ከልቡ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ወደ ዳባት ደወለ። እዚያ ያርጋል የሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባው አለ፤ በወጣትነቱ ጣና ዳር የሠራ፣ ዓሣ አውቃለሁ የሚል።

«ያርጋል፣ ዓሣ ታሞብኛል።»

«ትልቅ ነው?»

አለምነህ ሳህኑን አየ። «መካከለኛ ነው» አለ፣ አፍሮ።

«ክንፉን እየው። ቀጥ ብሎ ከተሰነጠቀ ስለት ያለው ነገር ቀዶታል። ጠርዙ ከተገመጠ ጓደኛው እየነከሰው ነው። ጫፉ ነጥቶ የሚሟሽሽ ከሆነ ግን መበስበስ ይዞታል፤ ውሃው ቆሽሿል፣ ወይ በርዷል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ንጹህ ውሃና ሙቀት ነው። የበሰበሰውን ለብቻ አድርገህ ጨው ጣል ታደርግለታለህ።»

«ጨው፣ እሺ።»

«ከዚያ ሎሚ ጨምቀህበት ትንሽ ትተወዋለህ።»

«ሎሚም ያድነዋል?»

«ኧረ ጣዕም እንዲኖረው ነው! ዱቄት ነካ ነካ አድርገህ፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል...»

አለምነህ ስልኩን ዘጋ።

ሕክምናው ተጀመረ። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ተቀድቶ አደረ፤ በማግስቱ ለብ ተደርጎ የገንዳው ውሃ በከፊል ተለወጠ። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የደባርቅ ብርድ መስታወቱን ሰንጥቆ ይገባል። ስለዚህ ወይዘሮ ሸዋነሽ ፍል ውሃ የተሞሉ የላስቲክ ጠርሙሶች ዙሪያውን አስደገፉና ገንዳውን ጋቢ አለበሱት። ከተራራ የወረዱ ጎብኚዎች በጋቢ የተሸፈነውን ረጅም ነገር፣ አጠገቡም አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን አለምነህን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴትዮም እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ አልፋለች።

«መርፌ መቼ ነው የምትወጋቸው?» አሉት ወይዘሮዋ በሦስተኛው ቀን።

«እትዬ፣ መርፌ አያስፈልጋቸውም።»

«ሳትወጋማ ዳኑ አልልም። የኔን ጉልበት እንኳ ያዳነው መርፌ ነው።»

አለምነህ ደክሞት ትልቁን የበቅሎ መርፌ አወጣ። ሹሉን ነቅሎ ጣለና ቀፎውን ገንዳው ውስጥ ከተተው። ከጠጠሩ መካከል የተረፈ ምግብና ኩስ እየመጠጠ ወደ ባልዲ ተፋው። ውሃው እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ወይዘሮ ሸዋነሽ እጃቸውን አመሳቅለው ተመለከቱና «አላልኩህም?» አሉ።

ብርማዋ ግን አልዳነችም። ጨው ባለበት ሳህን ውስጥ ለብቻዋ ሁለት ቀን ቆየችና አንድ ከሰዓት በኋላ በጎኗ ተኛች። አለምነህ ብዙ በቅሎ ሞቶበታል፤ በቅሎ ስትሞት ታቃስታለች፣ መሬት ትመታለች፣ ባለቤቷ ይጮኻል። ይህቺ ምንም ድምፅ አላሰማችም። ሻይ እየጠጣ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ መቼ እንደሞተች እንኳ አላወቀም። ይህ ነገር ከንክኖት የቀረውን ሻይ ሳይጠጣው ሄደ።

በማግስቱ ተመልሶ ከገንዳው ፊት ተቀመጠና ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ጀመር። ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ድንገት ቦግ ብሎ ሲመጣ ዓሦቹ በርግገው ተበተኑ፤ ወርቃማዋም በብረቱ ዋልያ ቀንዶች መካከል ተወረወረች። ጅራቷ ቀንዱ ላይ ያዝ አለና ተላቀቀ።

«ዋልያው ነው!» ብሎ ተነሣ አለምነህ። «የወጋት ዋልያው ነው!»

ገዱ ሻዩን አስቀመጠ። «ማን?»

«ዋልያው።»

«አለምነህ፣ የምትናገረውን እወቅ። ይህን ተራራ ስጠብቅ ሸብቻለሁ። ዋልያ አንድ ሰው ሲወጋ አላየሁም። ሰው ካየ ገደል ይገባል እንጂ።»

«ገዱ፣ ይሄ ብረት ነው።»

«ብረትም ይሁን ስሙ ዋልያ ነው። ነገ ጎብኚ ይሰማና ይዋጋል ብሎ ያወራል። ስንት ቀርቶን ነው ስሙን የምታጠፋው?»

እስከ ምሳ ተከራከሩ። ገዱ «ዓሣዋ ሳታስተውል ስትሄድ ቀንዱ ላይ ተደናቀፈች ይባል» አለ። አለምነህ ደግሞ እግር የሌለው ነገር አይደናቀፍም ብሎ እንቢ አለ። ወይዘሮ ሸዋነሽ በመካከል ገብተው «ተጠግታው ተቀደደች» በሚለው አስታረቋቸው። ገዱ ዋልያውን በገዛ እጁ ከውሃ አወጣ፣ በፎጣ አደረቀው፣ ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎም መስኮቱ ላይ አቆመው።

ንክሻው ግን ቀጠለ። ነካሹን ለማወቅ ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም፤ መስመር ያለበት ቁጡው ዓሣ ከወርቃማዋ ኋላ ኋላ እየሄደ ክንፏን ቦጨቅ ያደርጋል። ተይዞ በባልዲ ውስጥ ለብቻው ሆነ። ከክፍሎቹ ሁሉ የሚሞቀው ከወጥ ቤቱ በላይ ያለው ስድስት ቁጥር ስለሆነ ባልዲው እዚያ ገባ። ያን ዕለት ልደቱ የሚባል አስጎብኚ እንግዶቹን ይዞ መጣ።

«ስድስት ቁጥርን ስጪን፤ ይሞቃል አሉኝ።»

«ተይዟል» አለች ሃና።

«በማን?»

«በአንድ ተናካሽ። ጋሽ አለምነህ ነው ለይቶ ያስቀመጠው።»

ልደቱ ይህን ለእንግዶቹ ምን ብሎ እንደተረጐመላቸው እሱ ያውቃል። ሁሉም በየበራቸው ወንበር አስደግፈው አደሩ።

በኋላ የወይዘሮዋ የወንድም ልጅ እንግዳው ዓሦቹን የሸጠለትን ሰው ጎንደር ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው ይህ ዘር በመንጋ የሚኖር ነው፤ ብቻውን ሲሆን ነው ሌላውን የሚነክሰው፤ የራሱን ዓይነት ጨምሩለት፣ እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ሌላውን ይተዋሉ አለው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

«አንዱ ተናካሽ መች አነሰኝና ነው አምስት የምጨምረው?»

«እኔም አልገባኝም እትዬ፤ ግን እንሞክረው» አለ አለምነህ።

እንግዳው አምስት ባለመስመር ዓሦች በውሃ በተሞላ ላስቲክ ይዞ በሚኒባስ ተሳፈረ። ዳባት ላይ ያርጋል ገባ፤ ታማሚውን ዓሣ በዓይኔ ልየው ብሎ ነው። በእጁም አንድ ፌስታል ሎሚ ይዟል። ደባርቅ ሲደርስ አለምነህ እጁን ይዞ ገንዳው ፊት አቆመው።

«የታለ?» አለ ያርጋል።

«ይቻት፣ ወርቃማዋ።»

ያርጋል ጎንበስ ብሎ ፈለጋት። «መካከለኛ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። ሎሚው ለሻይ ወጥ ቤት ገባ።

ባለመስመሮቹ ስድስት ሆነው ሲለቀቁ ሰውየው እንዳለው ሆነ። ከጠዋት እስከ ማታ እርስ በርሳቸው ይሳደዳሉ፤ ወርቃማዋን ዘወር ብሎ የሚያያት የለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጅራቷ ስንጥቅ ውስጥ መጀመሪያ እንደ ላስቲክ ጥርት ያለ ስስ ነገር በቀለ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀለም ያዘ።

አለምነህ ሥራው ካለቀም በኋላ ወደ ሆቴሉ መሄዱን አልተወም። በቅሎ ሲያክም ውሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ አበባ ከገበያ ወሬ ሰማች፤ ባልሽ ሆቴል ተቀምጦ ወርቃማ የለበሰች አንዲት ላይ ዓይኑን ተክሎ ያመሻል አሏት። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ሆቴሉ ገባች። አለምነህ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል።

«የትኛዋ ናት?» አለችው ከኋላው።

ዘወር እንኳ ሳይል በጣቱ አሳያት። «ያቺ፣ ከአረሙ ሥር ያለችው።»

አበባ ጎንበስ አለች። ከገበያ ጀምራ ስታሰናዳ የመጣችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ደረሰና የሚያርፍበት አጣ።

«ጅራቷ ያምራል» አለች በቁጣ።

«ያን ጊዜ ብታዪያት ኖሮ!»

አበባ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ደግሞ ዓሣዋን አየች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«በል ጠጋ በልልኝ» አለችው፣ ሶፋው ላይ እየተቀመጠች።