የወንድሜን የክርስትና ስም ፍለጋ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ማለዳ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን የቀሙት ሰዎች በቢላዋ ወግተው ገደሉት። እስካሁን አልተያዙም። ያን ሰሞን ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ደብረ ብርሃን ቀበርነው። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁኝ አላወቅሁትም። «ደረጀ» ብለው ፍትሐቱን አደረሱ። የክርስትና አባቱ ሞተዋል፤ ስሙን የምታውቀው እናታችን ብቻ ናት። ለአርባው ፍትሐት እንድትነግረኝ ደወልኩላት። «አልናገርም» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የሄድኩት ለዚህ ነው።

ሞላሌ

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነዳ። መስኮቱ አይገጥምም፤ ብርዱ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ እንደተኮራመትክ ሞላሌ ሳንደርስ ትደርቃለህ» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝ። ቆየት ብለው የተላጨውን ራሴን አይተው «ማንን ቀበርክ?» አሉ።

«ወንድሜን። በቢላዋ ወጉት።»

«የእሱ ፈቃድ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።»

ለቅሶ ቤትም ሁሉም ሰው ይህንኑ ሲለኝ ነበር የሰነበተው። «ቢላዋውም የእሱ ፈቃድ ነው?» አልኳቸው።

ጋቢውን በደንብ አለበሱኝ። በኋላ «እኔንም ልጄ ሲሞትብኝ እንዲህ ሲሉኝ ያመኝ ነበር» አሉ። «ሌላ የምለው አጥቼ ነው።»

ሞላሌ ወርደን ሽሮ በላን። ልከፍል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እንቢ ብለው ከፈሉ።

ዘመሮ

ከመሐል ሜዳ ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ዘመሮ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ። ገብሱ አለ፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መትቶት ጠቁሯል። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልተነሣችም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብረን አለቀስን። ከዚያ ስሙን ጠየቅኋት።

«በአርባ ቀኑ አቅፌ ወስጄ፣ ለእግዚአብሔር አደራ ብዬ ሰጠሁት» አለች። «አልጠበቀልኝም። አሁን ደግሞ ስሙን የምነግረው ለምንድን ነው?»

 የንስሐ አባታችንን ሄጄ ጠራኋቸው።

«ድሮም እልኸኛ ነሽ» አሏት ገና ሲቀመጡ። «በሠርግሽ ዕለት እንኳ ደጅ አቁመሽኛል።»

«ዛሬ አያስቁኝ፣ አባቴ። ልጄን ገድሎብኛል።»

«እሱ ክፉ አይሠራም። የወጉት ሰዎቹ ናቸው። ግን ክፉ ስለሠሩ ከሥልጣኑ አይወጡም። ልጅሽም ከእጁ አልወጣም።»

«ታዲያ ሲወጉት ለምን እጃቸውን አልያዘም?»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አላውቅም፣ ልጄ። አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ።»

«እርስዎ ካላወቁ ማንን ልጠይቅ?»

«እሱኑ። ቤተ ክርስቲያን መጥተሽ ተቆጪው። እቤትሽ ተቀምጠሽ አታኩርፊ።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

አርባው

የአርባው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ ከኋላችን መጥታ ሴቶቹ ከሚቆሙበት ቆመች። ስሙን ግን ለማንም አልነገረችም። ፍትሐቱ ተጀመረ። ስሙ የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ ቄሱ አቆሙ። «ደረጀ» አላሉም። መጽሐፉን እንደያዙ ጠበቁ። ሰዉ ዞር ዞር አለ። እኔ ሳይጠራ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

«ገብረ ሚካኤል በሉት» አለች እናቴ። ድምጿ የተጽናና ሰው ድምፅ አልነበረም። «እሱ ፊት ይጠራልኝ። የገደሉትም አንድ ቀን እዚያው ይጠሩልኝ።»

ቄሱ ጠሩት። በዚያ ጊዜ እንደገና አለቀስኩ፤ ወንድሜን በዚያ ስም ሲጠሩት የሰማሁት ያኔ ገና ነው።

መመለስ

ዝናብ ስለነበር ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ብዙ ቦታ ወርደን መኪና ገፍተናል። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት እናቴን ነው። አልታረቀችም። ግን ክሷን ይዛ የሄደችው እሱ ዘንድ ነው። ክፉዎቹ ከእሱ በላይ ቢሆኑ ኖሮ እሱ ፊት አትቆምም ነበር። ከዚህ ጉዞ የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው አልገባኝም።

ቤት ገብቼ ገብረ ሚካኤል ብዬ ጸለይኩለት። ለምን እንዳልጠበቀው እግዚአብሔርን ጠየቅሁት። መልስ አላገኘሁም። ነገም እጠይቀዋለሁ።