ሰባት ቤት ለመቁጠር ወደ ቡሬ

ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር። ልጄ ሳሙኤል ለጥር ሠርግ አስቧል፤ እኔ ደግሞ ዘሩን ከልጅቷ ዘር ጋር አስቆጥሬ መምጣት አለብኝ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት ወዲህ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ እንደ ወንድምና እህት ናቸውና ሠርጉ ይቀራል። ቢዋደዱም ይቀራል፤ ድንኳን ተተክሎም ቢሆን ይቀራል።

ልጅቷ ሕይወት ትባላለች። እዚሁ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቤተሰቦቿ ግን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው የሚኖሩት። ሽማግሌ ስንልክ አያቷ አያ ሙሉዓለም፣ «ልጅቷን አንከለክልም፤ በማኅበሩ ቀን መጥታችሁ በሕዝብ ፊት ቁጠሩ» ብለው መለሱ። ማኅበሩ የቡሬ የአካባቢ ታሪክና የትውልድ ሐረግ ማኅበር ነው። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ካህናትና ሽማግሌዎች ያቋቋሙት ሲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለሁሉም ክፍት የሆነ የዘር ቆጠራ ጉባኤ ያደርጋል። የፈለገ ገብቶ ይሰማል፤ የፈለገ ተነሥቶ ይቆጥራል።

እኔ ትርንጎ አለነ እባላለሁ፤ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ያረፈው ባለቤቴ የወሎ ሰው ስለነበር በእሱ በኩል ስጋት የለም፤ የሚቆጠረው የእኔ ወገን ነው። በእኔ በኩልም ስጋት አልነበረኝም። አባቴ በልጅነቴ ሰባት ቤት ሳልቆጥር እራት አያስቀርብልኝም ነበርና እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የማውቀው። እውነቱን ለመናገር ልኮራም ነው የሄድኩት።

መንገድ ላይ

መናኸሪያ ስደርስ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። የሚኒባሱ ረዳት ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አራተኛ ሊያደርገኝ ሲል፣ «ልጄ፣ እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ? ጆንያም ቢሆን ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም አፍሮ የፊት ወንበር ሰጠኝ። መንገዱ አንድ ሳምንት ተዘግቶ ሌላ ሳምንት እየተከፈተ ስለሆነ፣ በተከፈተ ቀን ሁሉም ሰው ጉዳዩን ይዞ ይወጣል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ለልጃቸው መድኃኒት ሊያመጡ ነበር የሚሄዱት። ማንኩሳን አልፈን ለፍተሻ ወረድን፤ ቦርሳችንን ከፍተን አሳየን፤ ጥቂት በእግራችን ሄደን እንደገና ተሳፈርን። ማንም አላጉረመረመም፤ ለምደነዋል።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል። ሥራዬ ነውና ዓይኔ አያርፍም፤ አንዳንዱ ጤዛ መትቶት ጠቋቁሯል። «ይሄን ገበያ ሲያመጡት ነው የምንጣላው» እያልኩ ብቻዬን ሳወራ ቡሬ ደረስኩ። ከመናኸሪያው እስከ ጉባኤው ባጃጅ ያዝኩ።

ቡሬ፣ ጉባኤው

ጉባኤው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከገጠር የመጣው ገበሬ ሞልቷል። በሽማግሌዎቹ ፊት ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፎ አንድ ቁና ጠጠር ተቀምጧል። ቆጣሪው ስም በጠራ ቁጥር ሰብሳቢው አንድ ጠጠር ያስቀምጣል። ሁለት ወገን ሲቆጥር ሁለት ረድፍ ይሆናል፤ ረድፎቹ ሰባት ድረስ ካልተገናኙ እልል ይባላል።

ተራችን ሲደርስ መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ሳሙኤል ብዬ እጀምራለሁ። ሳሙኤል የትርንጎ፤ ትርንጎ የአለነ፤ አለነ የጫኔ፤ ጫኔ የቢያድግ፤ ቢያድግ የዘለቀ...» ሰባተኛውን ልጠራ ስል አያ ሙሉዓለም እጃቸውን አነሡ። ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን፣ ከዘራቸውን በሁለት እጅ የሚይዙ ሰው ናቸው።

«ይቆዩኝ እትዬ፤ የቱ ዘለቀ?» አሉኝ።

«ከወንዙ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ዘለቀ ነዋ!» አልኩ በኩራት።

አያ ሙሉዓለም ተቀምጠው እንዳሉ መቁጠር ጀመሩ። «ሕይወት የታደለ፤ ታደለ የእኔ የሙሉዓለም፤ ሙሉዓለም የገላው፤ ገላው የካሳ፤ ካሳ...» አሉና ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ካሳ የዘለቀ» አሉ።

ሰብሳቢው ስድስተኛውን ጠጠር በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ለሁለቱም ረድፍ አንዱን ጠጠር ከላይ አስቀመጠው። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። አባቴ ከአገሩ በልጅነቱ ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ስለ ቀረ ዘመዶቹን ስማቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቅም ነበር። አያ ሙሉዓለም ግን ተነሥተው መጥተው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ።

«የአለነ ልጅ ነሽ ለካ! እኛ ደጅ እኮ ነው ያደገው፤ ምነው እስካሁን ዝም አልሽን ልጄ?» አሉኝ። እንባቸው ትከሻዬ ላይ ወረደ። ዘመድ በማግኘቴ ልደሰት ወይስ ለልጄ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

ማርና አውራ ጣት

አዳራሹ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ገብቼ ለምሳ የጾም በያይነቱ አዘዝኩ። ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። አጠገቤ አንዲት መነኩሲት መጥተው ተቀመጡ፤ ጉባኤው ላይ ከካህናቱ ጀርባ ያየኋቸው እማሆይ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው እንዲህ አሉ።

«እኔ ምንም አልተናገርኩም። ስለ ማርና ስለ አውራ ጣት ግን የዘለቀን ደብር ቄስ ጠይቂያቸው።»

ተነሥተው ሄዱ። ማርና አውራ ጣት ምን እንደሆነ የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። ድሮ ሰው ያልወለደውን ልጅ ልጁ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የጡት ልጅ ይባላል። የዘለቀ ደብር ካህን ቄስ ይትባረክ አዳራሹ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ከእኛ ሐረግ ውስጥ የጡት ልጅ ማን ነው?»

«እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ ወገን የሆነ ሰው ካልጠየቀ አልናገርም። አንቺ ግን ወገኑ ነሽ» አሉና ነገሩኝ። አንዲት መንገደኛ ሴት፣ በወረርሽኝ ዘመን፣ ሕፃን አዝላ ዘለቀ ደጅ ወድቃ ሞተች። ዘለቀ ሕፃኑን አንሥቶ አውራ ጣቱን አጠባው፤ ቢያድግ አለው። ከዚያም ካህናት ሰብስቦ፣ ቢያድግን ልጄ አይደለም ያለ፣ ዘሩን ከዘሬ የለየ የተገዘተ ይሁን ብሎ አስገዘተ። ስለዚህ ይህን የሚያውቁ ሁሉ ግዝቱን ፈርተው ዝም አሉ።

«ታዲያ ደም አያገናኘንም! ልጆቹ ይጋባሉ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ጡትም ይቆጠራል ልጄ፤ እንደ ሆድ ልጅ ነው። ግዝቱ የተደረገው ግን ቢያድግን ለመጠበቅ ነው። የቢያድግ ወገን ራሱ ልቀቁኝ ካለ፣ ዘለቀ መቃብር ፊት ይፈታል። ያኔ እናንተ ለዘለቀ ልጆች ባዳ ናችሁ፤ ባዳ ደግሞ ይጋባል። አባትሽንም ይዘሽ ነው የምትወጪው። በየዓመቱ የዘለቀን ልጆች ስም በጸሎት ስናነሣ አለነ ከእነሱ ጋር አይነሣም።»

አባቴ የተቀበረው እዚያው ነው። ሲታመም፣ «አባቶቼ አጠገብ ውሰዱኝ» ብሎ ለምኖ በቃሬዛ ወሰዱት፤ እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ቤት ትተውኝ ነበር የሄዱት።

ለሳሙኤል ደወልኩ። የእኔ ብቻ ሐረግ አይደለም፤ የእሱም ነው። ሁሉንም ነገርኩት። «እማዬ፣ የሞቱትን ተይና የእኔን ነገር ጨርሺልኝ፤ እነዚህን ስሞች ማን ይጠይቀኛል?» አለ። ልሳደብ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጄ ፈርቷል። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲፈራ የሰማሁት አባቱ የሞተ ዕለት ብቻ ነው።

እሑድ፣ ከወንዙ ማዶ

ቡሬ አድሬ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ከአያ ሙሉዓለምና ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ወደ ዘለቀ ደብር ሄድን። እስከ አስፓልቱ መጨረሻ ባጃጅ፣ ከዚያ በፈረስ ጋሪ፣ ከዚያ በእግር። አያ ሙሉዓለም መንገዱን ሁሉ ከዘራቸውን ትተው ክንዴን ይዘው ነበር የሚሄዱት። «እዚህ ማሳ ላይ አባትሽ ከብት ይጠብቅ ነበር፤ እዚህ ዋርካ ሥር እግሩን እሾህ ወግቶት አባቴ ነቅሎለታል» ይሉኛል። በየቤቱ ደጅ ሴቶች እየወጡ፣ «የአለነ ልጅ መጣች!» ብለው ሳሙኝ። አንዷ የተቆላ ሽምብራ በእፍኝ አሲዛኝ፣ «ለመንገድሽ እህቴ» አለችኝ። ምነው ባልደረስኩ እያልኩ ነው የሄድኩት።

ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ የመጣሁት ግዝቱን ለማስፈታት መሆኑን ነገርኳቸው። አያ ሙሉዓለም ክንዴን ለቀቁ።

«ሕይወት የእኔም ልጅ ናት፤ ደስታዋን አልጠላም» አሉ። «የአያቴ አባት ልጄ ያለውን ግን እኔ ማን ነኝና አይደለም እላለሁ? አንቺ ካልሽ አልከለክልም። ከእኔ አፍ ግን አይወጣም።»

ቄስ ይትባረክ በዘለቀ መቃብር ፊት መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። የአባቴ መቃብር ሦስት እርምጃ አይርቅም፤ ሣር ለብሷል።

«ትርንጎ አለነ፣ ከዘለቀ ልጅነት ልውጣ ትያለሽ?»

ደግመው ጠየቁኝ። ልጄን አሰብኩ፤ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጀርባ ቆማ «እማማ» የምትለኝን ሕይወትን አሰብኩ። ወደ አባቴ መቃብር ዞሬ ማየት አቃተኝ።

«ልውጣ» አልኩ።

ቄሱ የግዝት መፍቻውን በግእዝ ደገሙ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጠጠሮቹን በመሐረብ ቋጥሮ አምጥቶ ነበርና መሬት ላይ ደረደራቸው፤ ከዚያ የእኔን ረድፍ ከቢያድግ ጀምሮ በመዳፉ ገፍቶ አራቀው። ማንም እልል አላለም። ቄስ ይትባረክ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ «አጥንቱን ማንም አይነካውም። አለነን እኔ ለብቻው አነሣዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እንደ ልጅ ያለቀስኩት።

አያ ሙሉዓለም ጋሪው ድረስ ሸኙኝ። ክንዴን አልያዙም፤ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላዬ ነበር የሚመጡት። ስሳፈር ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ።

«በሰላም ይግቡ እትዬ። ለጥር እንጠብቅዎታለን» አሉኝ። ትናንት «ልጄ» ነበር ያሉኝ።

ቤቴ

ፍኖተ ሰላም ስገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ዋናው መንገድ ላይ ጋሪውና ባጃጁ ይጋፋል። ሳሙኤልና ሕይወት ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ተፈቅዷል» ስላቸው ልጅቷ እግሬ ላይ ወደቀች፤ እሱም አቅፎ አነሣኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዘር መቆጠሩ የሞቱትን ለማወደስ ይመስለኝ ነበር፤ ስጀምርም ለዚያ ነበር ድምፄን ከፍ ያደረግኩት። ሰዎቹ ግን አንድ የማያውቁትን ሕፃን ያለማቋረጥ ልጃችን ሲሉ ነው የኖሩት፤ እኔ እስክመጣ ድረስ።

ስንቀመጥ ሳሙኤል ከቦርሳዬ ውስጥ ሽምብራውን አውጥቶ እየቆረጠመ፣ «እማዬ፣ የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቼ ያስቆጥሩኛል። እስኪ አስጠኚኝ» አለ።

«ሳሙኤል የትርንጎ፤ ትርንጎ የአለነ፤ አለነ የጫኔ፤ ጫኔ የቢያድግ» አልኩት።

«እሺ፣ ቢያድግስ የማን?»

ምላሴ ላይ ዘለቀ መጣ። ዋጥኩት።

«የአንዲት መንገደኛ ሴት» አልኩት። «ስሟን የሚያውቅ የለም።»

ሳሙኤል እጁ ውስጥ የቀረውን ሽምብራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።