የአክስቴ ዘሃራ የአበባ አጥር

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ በባጃጅ ስሄድ፣ ሹፌሩ ለመኪና መንገድ ሊለቅ ጥግ ሲይዝ አንድ ቁጥቋጦ ጨፈለቀና ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣብኝ፤ የወፍ ቆሎ ነበር። ወዲያው ንድድ አለኝ።

ልጅ ሆኜ ቤታችን አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነበር፣ ግቢያችንም ከአያቶቼ ጊዜ ጀምሮ በሰንሰል የታጠረ ነበር። የአባቴ እህት ዘሃራ ከጅዳ በተመለሰችበት ክረምት ግን ሰንሰሉን አይታ ፊቷን አጨማደደች፣ ከደሴም ይህንኑ ቢጫና ሮዝ የሚያብብ የወፍ ቆሎ ችግኝ አምጥታ፣ ሰንሰሉን አስነቅላ በቦታው አስተከለችው። አባቴ «ኧረ ዘሃራ፣ የማናውቀውን ነገር!» ቢላት «አበባ ምን ያደርግሃል ወንድምዬ? ወላሂ አንተ ያማረ ነገር አትወድም!» ብላ አፉን አስያዘችው።

መስከረም ላይ እውነትም አምሮ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ቅርንጫፍ ይለምን ነበር። በልጉ ሲዘንብ ግን ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ስለበተኑት ከጎመኑ መሃል፣ ከጤና አዳሙ ሥር እየበቀለ መከራችንን አበላን፤ እናቴ እየነቀለች ትራገም ነበር። ይባስ ብሎ ቅጠሉ ዳማከሴ ስለሚመስል፣ ደህናውን ዳማከሴ አረም ነው ብላ ነቅላ ጣለችና የወፍ ቆሎውን እየኮተኮተች አሳደገችው። ወንድሜን ምች ሲመታው ቅጠሉን ልታሽለት ብትቆርጥ እሾኹ እጇን ቧጠጣት፤ ያን ጊዜ ነው የገባን።

በጋ ላይ ሣሩ ሲደርቅ ላማችን አጥሩን ጋጠች። ከዚያም ፀሐይ እየሸሸች፣ አፍንጫዋ እየተሰነጣጠቀ፣ ቆዳዋ እየተላጠ መብላት አቆመች። አክስቴ «ዓይን ነው፣ ቁርአን ይቀራላት» አለች። የመጣው የከብት ሐኪም ግን ላሟን አየት አድርጎ ወደ አጥሩ ሄደና «ይህን ማን ተከለው?» ሲል ሁላችንም ወደ ዘሃራ ዞርን።

«እንድትበላው ነው እንዴ የተከልኩት?» ብላ አኩርፋ ገባች።

ላሟ ተረፈች፣ ወተቷ ግን ነጠፈ፣ ጥጃዋንም ከጎረቤት በተለመነ ወተት አሳደግናት። አባቴ አጥሩን ከነሥሩ ቆፍሮ አወጣው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቅርንጫፍ ከወሰዱት ጎረቤቶች ግቢ ወፎቹ መልሰው ያመጡት ነበር። ንቀሉት ብሎ ሲለምናቸው «ያምራል እኮ!» ይሉት ነበር፤ እሱም መቆፈሪያውን ጥሎ «ያ ረቢ!» እያለ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

ዛሬ የራሴ ትንሽ ግቢ አለኝ፤ ልጄም ችግኝ ባየች ቁጥር በስልኳ ፎቶ አንስታ የሀገር ይሁን መጤ ታነብልኛለች። እኛ ላም ታማብን ያወቅነውን እሷ ቁጭ ብላ ታውቀዋለች። ያን ጊዜ የሚነግረን ሰው አልነበረም፤ አሁን ነጋሪው ሞልቷል፣ ችግኝ መሸጫው ጋ ግን ዛሬም ቶሎ የሚያልቀው አበባው የደመቀው ነው።