ሳላስል የያዘኝ ቲቢና ከአስር ሁለት የሰጠሁት ፊልም

እጢዋን ያገኘኋት ጎል ገብቶብን ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን፣ ቤታችን ውስጥ፣ ከአባባ ጋር ኳስ እያየን። አባባ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ ወጥተው ምሳቸውን እንደበሉ፣ ጥምጥማቸውን እንኳ ሳይፈቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ተከላካያችን አጠገቡ ያለውን የገዛ ጓደኛውን ትቶ ኳሷን ለባላጋራ አጥቂ አቀበለ። እኔ በሁለት እጄ አንገቴን ያዝኩ። በግራ በኩል፣ ከመንጋጋዬ ሥር፣ ሽምብራ የምታህል ነገር ተንከባለለች። ስጫናት አላመመችኝም። ተከላካዩን መስደቤን ቀጠልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። የዚያን ቀን የሚያስጠላው ነገር ብዙ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ አስተያየት የማነበው እኔ ነኝ። አስተያየቴ አብዛኛውን ጊዜ «ያስጠላል» የሚል ነው። በተከታታይ ድራማ ሁለት ሰዎች ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲፋጠጡና ሙዚቃው ብቻ ሲጮህ ያስጠላል። የኳስ ተንታኝ ጨዋታው ካለቀ በኋላ «እኔ ብዬ ነበር» ሲል ያስጠላል። ልብ ወለድ ላይ የታመመች ሴት ሁሉ ቆንጆ ስትሆን በጣም ያስጠላል።

በኅዳር ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። ጎኗ ሌላ ወጣ። ምግብ አስጠላኝ። ዩኒፎርሜ ሰፋኝ። በዚያ ወር ደብረ ብርሃን ውጭ ያደረ ባልዲ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ እኔ ግን ጠዋት ስነሳ አንሶላዬ በላብ ርሷል። ከተማው በሙሉ ስካርፍ ጠምጥሞ ስለሚሄድ አንገቴን ማን ያየዋል?

በዚያው ሰሞን አንድ የአገራችንን ፊልም በቴሌቪዥን አየሁ። ስሙን አልጠራም። ዋናዋ ልጅ ቲቢ ያዛት ይባላል፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ግን አንዴም አላሳለችም፤ መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ተዘፍኖ ሲያበቃ ድና ተነሣች። ሰኞ ዕለት ማይክራፎኑን ይዤ፣ ስካርፌን እስከ አገጬ ጠምጥሜ እንዲህ አነበብኩ፦ «ቲቢ ሳያስሉ? መሐረብ የለ፣ ደም የለ! ደራሲው የጤና ጣቢያ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ከአስር ሁለት!» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያወቁብኝ አባባ ናቸው። ጠበል ሊያጠጡኝ ስካርፌን ፍቺ አሉኝና ዓይናቸው አንገቴ ላይ ቀረ።

«ይሄ መቼ ወጣ?»

«ተከላካዩ ያን ጎል ያስገባብን ቀን።»

ሁለታችንም ዘመን የምንቆጥረው በጎል ነው፤ ወዲያው ገባቸው። «ይሄማ ሁለት ወር ሊሆነው ነው!» አሉ። ጠበሉን አጠጡኝ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አነሱ። «ጠበልና ሐኪም ተጣልተው አያውቁም። ተነሺ።»

ሆስፒታል አንገቴን በመርፌ ወጉኝ። ኤፍ ኤን ኤ ይሉታል። አመመኝ። ወደ መርፌው የተሳበውን አየሁት። ቢጫ። ወፍራም። የወጣው ከእኔ ነው። ራጅም ተነሣሁ። ሦስት ቀን ጠበቅን።

«ቲቢ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«አላስልም እኮ!»

«የሚያስለው የሳንባው ነው። ያንቺ የእጢ ቲቢ ነው። ሳንባሽ ንጹሕ ስለሆነ ለሰው አታስተላልፊም። ስድስት ወር መድኃኒት ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ፤ ትድኛለሽ።»

አባባ «ተመስገን» አሉ። እኔ የማስበው ሰኞ ዕለት የሳቁትን ነበር። ብናገር በገዛ ትችቴ ይስቁብኛል። ዝም ብል ደግሞ ያ ሁሉ ተማሪ ከእኔ በሰማው ስሕተት ሊኖር ነው። ዝም አልኩ። ሚኒ ሚዲያውንም «ጉሮሮዬን አሞኛል» ብዬ ተውኩት።

በጤና ጣቢያችን የቲቢ ክፍል ነርሷ ሲስተር ወይንሸት ናቸው። በየጠዋቱ ከትምህርት በፊት ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሦስት ክኒን እውጣለሁ፤ እያንዳንዱ ክኒን አራት ዓይነት መድኃኒት ይዟል። «አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ። ጎበዝ።» ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንት ቀይ እንደሚያደርግ ቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ ሽንት ቤት ውስጥ እጮህ ነበር። ያቅለሸልሻል። አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አስመለስኩ። በአፍንጫዬም ወጣ። ይሄንን የሚያሳይ ፊልም አላየሁም።

ሲስተር ደግሞ ያንን የምጠላውን ተከታታይ ድራማ አንድም ክፍል የማያመልጣቸው፣ ይባስ ብሎ የባላጋራችን ክለብ ደጋፊ ናቸው።

«ትናንት አየሽ? ታረቁ!»

«ሲስተር፣ በአርባኛው ክፍል ታርቀው በአርባ አንደኛው ይጣላሉ።»

«አንቺ ውሃሽን ጨርሺ! ቅዳሜ አራት ለዜሮ የተገረፈ ቡድን ደጋፊ ደግሞ ምን አፍ አለው?»

በሁለት ወር እጢዎቹ ጠፉ ለማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ወደ ሁለት ዓይነት ተቀነሰና የሳምንቱን ክኒን ቤት ይዤ እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ወዲያው የሴሚስተር ዕረፍት ሆነ፤ አንኮበር ወደ አክስቴ ብዙነሽ ሄድኩ። ክኒኑን ትቼው ሄድኩ። ረስቼው አይደለም። አስጠልቶኝ ነው። በፊልም አንዴ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ክኒን ሲውጥ አይታይም፤ በመጽሐፍም «ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳነች» ይባልና ምዕራፉ ይዘጋል። እኔም ምዕራፌን ዘጋሁ። ለአክስቴም «ጨርሻለሁ» አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን አንገቴ ቀላ። አበጠ። ከሰዓት በኋላ ፈነዳ። መግሉ በአንገትጌዬ ገባ። ሸተተኝ። ራሴን ተጸየፍኩ።

አክስቴ በሻሿ ይዛልኝ «ልጄ፣ እኔን ምን አድርጊ ብለሽ ነው?» አለች። በሚኒባስ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

ዶክተሩ አልተቆጡም። ያስፈራኝ አለመቆጣታቸው ነው። «መድኃኒቱን በደንብ በሚወስድ ሰውም አንዳንዴ እንዲህ ያብጣል» አሉ። «ያቋረጠ ሰው ሲሆን ግን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዳይሆን ማረጋገጥ አለብኝ። ከሆነ ሕክምናው ረዥምና ከባድ ነው።» መግሉን ለምርመራ ላኩ። ጂን ኤክስፐርት ይባላል። አንድ ቀን ጠበቅን። ቴሌቪዥን አልከፈትንም። አባባ ዳዊት ደገሙ። እኔ ምንም አልተቸሁም።

አልተላመደም።

ሲስተር ካርዴን አውጥተው ባዶዎቹን ቀናት በእስክርቢቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። «ዘጠኝ ቀን። የባከነ ሰዓት ነው፤ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ዳኛዋ እኔ ነኝ። ካሁን በኋላ ደግሞ በየቀኑ እዚሁ ትውጫለሽ።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ዝግ ያሉ ነበሩ፤ ቁስሌ በየሁለት ቀኑ እየታጠበ ከታች ወደ ላይ ሞላ፣ ምግብ መልሶ ጣፈጠኝ፣ ዩኒፎርሜ ልኬ ሆነ፣ ያንን ድራማም ከሲስተር ጋር ለመከራከር ስል ብቻ ማየት ጀመርኩና (አሁንም ያስጠላል) ሳላውቀው የሰዎቹን ስም በሙሉ ለመድኩት። በሰኔ የመጨረሻውን ክኒን ስውጥ ሲስተር በከንፈራቸው ሦስት ጊዜ አፏጩ፦ የጨዋታው ማብቂያ ፊሽካ።

ሰኞ ደረሰ። ያለ ስካርፍ ማይክራፎኑ ፊት ቆምኩ። አንገቴ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል የተጨማደደ ጠባሳ አለ። «እርማት አለኝ» አልኩ።

ለሰልፉ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። አንገታችሁ፣ ብብታችሁ ወይም ብሽሽታችሁ ላይ እብጠት ወጥቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ባያማችሁም፣ ባታስሉም፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በስካርፍ አትሸፍኑት። ሽንታችሁ ሲቀላ አትደንግጡ፤ ነርሷን ጠይቁ። ደኅና የሆናችሁ ሲመስላችሁ ነው ክኒኑ ይበልጥ የሚያስጠላው፤ ያን ጊዜ ነው የሚዋጠው። ሲስተር ወይንሸትን፣ ጋቢያቸውን ያነሱትን አባባን፣ ሻሿን ያበላሸሁባትን አክስቴን እግዜር ይስጥልኝ።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዷ ጮኸች፦

«ታዲያ ፊልሙ አሁን ስንት አመጣ?»

አሰብኩበት። ልጅቷ ሳታስል መታመሟ ትክክል ነው፤ አንድ ነጥብ ይጨመርላት። በአንድ ዘፈን መዳኗ ግን ውሸት ነው። ስድስት ወር ነው፤ ለእኔ ስድስት ወር ከዘጠኝ ቀን።

«ከአስር ሦስት!» አልኩ።