ጎራ ማለት ስንት ቀን ነው?

ከቦንጋ በወጣሁበት ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ነበር። ማንንም አልጠራሁም። መሄዴን የሰማ ሁሉ «ጎራ ብዬ ልሰናበተው» እያለ ገባ። እናቴን ከመናኸሪያ ያመጣት የባጃጅ ሹፌር እንኳ ሻንጣዋን አስቀምጦ ይወጣል ስንል እራቱን በልቶ፣ መርቆኝ ነው የሄደው። እናቴ ከዋጫ የመጣችው አንድ ጣሳ ማርና አንድ ማሳሰቢያ ይዛ ነው። «ሥራስ ታገኛለህ፣ በሱ አልሰጋም። ሳይጠሩህ የምትገባበት አንድ ቤት ግን ይኑርህ። እሱን እስክሰማ እንቅልፍ የለኝም» አለችኝ።

ለዚህማ ማን ብሎኝ። ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «ድሮፕ ኢን» ማለት ጎራ ማለት ነው፤ ሳይቀጣጠሩ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ብዬ ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ። አንዲት ከቢታ ገነት የመጣች ተማሪ ፈተና ላይ «አጎቴ ድሮፕ ኢን አደረገና ሦስት ወር ተቀመጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሠራች። ይሄ ጎራ ማለት ሳይሆን መስፈር ነው ብዬ ማርክ ቀነስኩባት። «እውነቴን እኮ ነው ቲቸር፣ አሁንም አለ» አለችኝ።

እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ገባሁ። ከታች የሚኖሩት አከራዬ፣ ሽማግሌው ሚስተር ሃርዊን፣ ቁልፉን ሲሰጡኝ «ድሮፕ ኢን ኤኒ ታይም» አሉኝ። በፈለግህ ሰዓት ጎራ በል ማለታቸው ነው። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፤ እሑድ የእናቴን ማር ይዤ ወረድኩ።

በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ።

«ቧንቧ ፈሰሰ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ማሞቂያው ቆመ?»

«አልቆመም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ። እንዴት ዋሉ ልበልዎ ብዬ ነው።»

ማሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ገብተው ካላንደር ይዘው ተመለሱ። የሚመቻቸው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው፣ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል። እኔ ላይ፣ እሳቸው ታች እየኖርን ቀጠሮ ያዝን።

ሐሙስ ሻይ ቀዱልኝ፣ ከአንዲት ብስኩት ጋር። ጨምር የሚል የለም፣ በሞቴ የሚል የለም። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን «ደስ የሚል ጊዜ ነበር» ብለው ተነሡ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። እንደኔው ብቻቸውን ናቸው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

እናቴ ጋ በደወልኩ ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነው።

«የምትገባበት ቤት አገኘህ?»

«አገኘሁ እማዬ። በወር አንድ ሐሙስ እገባለሁ፣ በቀጠሮ።»

«በቀጠሮ? ሐኪም ናቸው?»

«አይደሉም። የዚህ አገር ወግ ነው።»

«እንግዲያው ቤት አላገኘህማ» አለች። ቀጥላ፣ «ለመሆኑ እኛ ጋስ መቼ ነው ጎራ የምትለው?»

ከቦንጋ በሚኒባስ እንደምመጣ አድርጋ ነው የምትጠይቀኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም፤ ሳይወጣ ብመጣ መመለሻ የለኝም። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። አሁን ደግሜ ልነግራት አልቻልኩም።

«እኔ ከመጣሁ እኮ ቶሎ አልወጣልሽም፣ ሦስት ወር ነው የምቀመጠው» አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

አልሳቀችም። «ከሦስት ወር ካነሰማ ምኑን ጎራ አልክ?» አለችኝ።

ያቺ የቢታ ገነት ልጅ ማርኳ ይመለስላት።